የግርጌ ጽሑፍ

ቀን ቀን መዝገብ ቤት ነኝ፣ መሐል ሜዳ፣ ወረዳ፤
የጠፋ ፋይል ፈላጊ፣ የሰው ሁሉ ባለዕዳ።
ማታ አንድ ባና ደርቤ፣ አንዱን መስኮት ላይ ሰቅዬ
እቀመጣለሁ ከፊልም ጋር፣ ዐይኔን ስዬ።

ከበርማ ነው የመጣ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ዘመን ያስረጀው፣
የተዋናይቷን ግማሽ ፊት ሻጋታ የፈጀው።
ኪን ሚያ የምትባል፣ አይቻት የማላውቃት
ከሟች አጎቷ ሣጥን ሥር አገኘችው በድንገት፤
«እዚህ ከቆየ ዝናብ ይበላዋል፣ አንተ ጋ ይደር» አለች፣
ዘጠኝ ቦታ ቆራርጣ ላከች።
ወር ፈጀ። የኛ ኔትወርክ እንደ በቅሎ ነው፣ ጉም ሲያይ ይቆማል።
ስምንተኛው ቁራጭ መንገድ ላይ ቀረ። ይመጣል ይባላል።

ቋንቋውን አልሰማም። እሷ በስብርባሪ እንግሊዝኛ ትነግረኛለች፣
እኔም በስብርባሪ እቀበላለሁ፤
ከሁለት ገል አንድ እንስራ እሠራለሁ።

እናት ወንዝ ዳር ቆማለች፣ ውሃው እስከ ጉልበቷ፤
ጀልባው ላይ ልጇ አለ፤ አንዲት ቃል ብቻ ናት ስንብቷ።
የተሰጠኝ ሁለት ሰከንድ።
«ደህና ሁን» ብዬ ጻፍሁ፣ ቀለለብኝ።
«እግዜር ይከተልህ» አልሁ፤ የሴትዮዋ አምላክ ሌላ ነው፣ ከበደብኝ።
ሦስት ሌሊት ደመሰስሁ።
ቅዳሜ መናኸሪያ፣ የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ፣
አንዲት ሴት መስታወቱን በመዳፏ መታ መታ፣
«በል እንግዲህ» አለች። ሌላ ምንም።
ቤቴ ሮጥሁ። ገባች፤ ከሁለቱ ሰከንድ አልተረፈችም።

እሑድ ማታ ልብስ ሰፊው ሸዋቀና ቤት
አንሶላ ወጠርን፣ ፕሮጀክተር ተውሰን ከትምህርት ቤት።
ሸዋቀና ከልጅነቱ ጆሮው አይሰማ።
ቪድዮ ቤት ሲገባ ከንፈር እያየ ይቀመጥ ነበር፣
ሰው ሲስቅ አይቶ፣ ዘግይቶ ይስቅ ነበር።
ያን ማታ ግን ቋንቋውን የሚሰማ ማንም የለ፤
ሁላችን ደንቆሮ፣ ሁላችን ግርጌ ግርጌውን ስናይ
እሱ ቀድሞ አነበበ፣
እሱ ቀድሞ ሳቀ፣
እኛ ተከተልነው።

እናትየዋ ወንዝ ዳር ስትደርስ ተነሳ፤
አንሶላው ላይ እጁን አሳረፈ፣
«በል እንግዲህ» በእጁ ጀርባ ላይ ተጻፈ።
ማንም ተቀመጥ አላለውም።

ስምንተኛው ጋ ስንደርስ ጨለመ።
«እዚህ ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ የለም» ብዬ ጽፌ ነበር፤
ጨለማውን ተመለከትነው፣ እንደ ፊልም።

መብራት ሲበራ ወንበር አጣጥፌ ስወጣ
በር ላይ ያዘኝ፤ ክር ከአንገቱ ተንጠልጥሎ፣
አንዱን እጁን ሙሉ፣ ከሌላው ሦስት ጣት አውጥቶ
ፊቴ ላይ ደቀነ፤
መልስ ሳይሰጠው አልወርድም ብሎ።