ጠብቆ የሚነበብ

እኛ ቤት ግድግዳ የለም፤ ያለው መጽሐፍ ነው፣
ከወለል እስከ ጣሪያ አንዱ አንዱን ደግፎ ያቆመው።
አባቴ፣ ኮይምባቶር ላይ፣ የጥንት የታሚል ቅኔ አስተማሪ፣
እናቴ የፊዚክስ መምህር፣ ነጥብ የማታስቀር ቆጣሪ፣
እኔ በኩሩ ልጅ፣ ከአንደኝነት ወርጄ የማላውቅ ተማሪ።

እህቴ ስትወለድ
አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ መዝገበ ቃላት አገላብጦ
ኢላኪያ አላት፤ ሥነ ጽሑፍ ማለት ነው፣ ከስም ሁሉ መርጦ።
ሥነ ጽሑፍ ግን አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት
ከሙሩጌሳን ጋራዥ ቤንዚን ሸትታ ገባች፣
ግራሶው እንደ እንሶስላ ጥፍሯን አጥቁሮላት።

በሒሳብ ሠላሳ ሰባት አመጣች። ከመቶ።
ድንኳን ብቻ ነው የቀረው፤ ቤቱ ሐዘን ተቀመጠ፣ እራቱን ትቶ።
እናቴ ወረቀቱን ወደ መብራት ያዘችው፣ አገላብጣ፣
ከጀርባው ሌላ ቁጥር ያለ ይመስል፣ ተደብቆ የመጣ።
አባቴ ምንም አላለም። የአባቴ ዝምታ ከዱላ ይከፋል፤
መነጽሩን አውልቆ ይወለውላል፣ ይወለውላል።

እሷ በሳምንቱ፣ በጎ-ካርቷ አፍንጫ ላይ፣ በነጭ ቀለም
37 ብላ ጻፈች።
"ይህን ቁጥር" አለች፣ "የሚሻማኝ የለም።"

የወላጅ ፊርማ የሚጠይቅ ቅጽ ነበር። ሌሊት በሬን አንኳኳች።
"የአባባን እጅ ትችልበታለህ" አለችኝ፤
ጎማ ለጎማ ስትጋፋ የማትፈራው ልጅ ያን ሌሊት ፈራች።
ፈረምኩ። በዕድሜዬ የሠራሁት ስርቆት እሱ ነው፤
ከሜዳልያዎቼ ሁሉ አስበልጬ የምኮራውም በሱ ነው።

እሑድ ሄጄ አየኋት።
ያቺ የቤት ሥራ ጠሏ ልጅ ደብተር ይዛለች፣
የጎማውን ሙቀት፣ የነፋሱን አቅጣጫ አንድ በአንድ መዝግባለች፤
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን የሚያዝበትን ቅጽበት
ለሰከንድ መቶኛ ከሙሩጌሳን ጋር ስትከራከርበት
ሰማሁ። እናቴን መሰለችኝ። ቁርጥ እናቴን።

አባቴ የሰማው ባንክ ቤት ነው፣ ወረፋ ላይ፣ ከሰው አፍ።
ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው፣ በዝናቡ ማግስት፣
ነጭ ሽርጡን አገልድሞ፣ ጥቁር ጃንጥላውን ይዞ
ብቅ አለ ከመወዳደሪያው ደጃፍ።
ሙሩጌሳን ከጎ-ካርቷ ሥር ተጋድሞ ብሎን ያጠብቃል፤
እህቴ ሄልሜቷን እንደ ሕፃን ታቅፋለች፣ ከፊቷ ደም ርቋል።
አባቴ የፊርማውን ነገር አላነሣም። እኔን ግን አንዴ አየኝ፤
የገዛ እጁን ጽሕፈት ፊቴ ላይ እንዳነበበ ገባኝ።

ጎንበስ አለ። ሙሩጌሳን በብሩሽ የጻፈውን ስሟን አነበበ።
እንደገና አነበበ።
"ይሄ ፊደል ላልቷል" አለ። "የልጄ ስም ጠብቆ ነው የሚነበብ፤
በእኛ ጽሕፈት ሲጠብቅ ይደገማል።"
ሙሩጌሳን ከሥር ሆኖ፣ ቁልፉን ሳይለቅ፣
"የቱ ጋ ነው ጌታዬ? ከላላ አሁኑኑ ይጠብቃል!"

ተማሪ የሚያርምበትን ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ አወጣ፤
ቆርቆሮው አልቀበል አለው። ብሩሽ ሰጡት። ላብ በግንባሩ መጣ።
የጎደለችውን ፊደል ከሁለት ፊደል መሀል አጣቦ አስገባት፣
ራቅ ብሎ አያት።
ከስሟ በላይ ያለውን 37 ደግሞ አየ፣
ዝም ብሎ ቆየ።
እሱን አላረመውም።
ሞተሩ ሲነሣ ግን ጃንጥላውን ጥሎ ጆሮውን ያዘ።

እናቴ እስካሁን አልመጣችም፤ ጫጫታ አልወድም ትላለች።
ባለፈው ሳምንት፣ እራት ላይ፣ የፈሰሰ ጨው ነበር፤
በማንኪያ ጫፍ ኩርባ ሣለችበትና፣ ቀና ሳትል፣
"እዚህ ጋ ለምንድን ነው የምትዘገየው?" አለች።