ከአንድ ግንድ

በወር አራት ሞተር ነበረ እቅዱ፤
ዛሬ አሥራ ሁለት ሆኖ ጠበቀን ግድግዳው ላይ፣
ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ቁልቁል እየወረዱ
ቀያይ ጠብታዎች።
ማንም አላጨበጨበም። ሸምሰዲን ብቻ ሳቀ፣
«የኛ ደመወዝስ በስንት ተባዛ?» አለ፣ ጓንቱን እያጠለቀ።

እኔ ረምላ ነኝ። ሥራዬ «አይሆንም» ማለት።
ከምድጃ ወጥቶ የቀዘቀዘ፣ ጣት የሚያህል የተርባይን ስለት
አነሣለሁ፤ ከመብራት ሥር አዞራለሁ፤
በማይክሮሜትር እለካለሁ፤
ከዚያ በጥፍሬ አንኳኩቼ ጆሮዬን አስጠጋለሁ።
ይህን ያስተማረኝ የለም፣ መመሪያው ላይም አይገኝ፤
ግን የታመመ ብረት ከድምፁ ይታወቃል፣ እንደ ሰው ቢልም «ደኅና ነኝ»።

አዳራሹ ድሮ የቡና መፈልፈያ ነበር።
ስንቴ ታጥቦ፣ ስንቴ ተለስኖ፣ ከጣራው ማገር
አንዲት ገለባ ዛሬም ትወርዳለች፣ እንደ ባለ ርስት፣ ቀስ ብላ፤
ባለ ብዙ ሚሊዮኑን ማሽን ታስቆመዋለች፣ ከመሐሉ ተንጠላጥላ።

አጎቴ አባ ሜጫ ሂርማታ ገበያ ዳር በርጩማ ይጠርባል፤
ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ። ሚስማር ያየ እንደሆን ይጣላል፤
«የተገጣጠመ ወንበር» ይላል፣ «ባለቤቱን አንድ ቀን ያሳፍራል።»
እሑድ ሄጄ ነገርኩት፦ ለተዋጊ ጄት የምንሠራውም እንዲሁ ነው፤
ከራሱ እስከ እግሩ አንድ ፍሬ፣ አንድ ጠጠር፣ ስፌት የለው፤
እሳት የሚገባው በስፌት ነው።
መሮውን አስቀመጠ። ደስ አለው መሰለኝ፤
ፍቅፋቂውን ከጭኑ አራግፎ ጠየቀኝ፦
«ማን ይቀመጥበታል?»

ምን ልበለው? አብራሪው?
ወይስ ከታች ያለው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ
ደመናው ሲቀደድ የሚሰማው፣ ልጁን በክንዱ ሸሽጎ?
«ሀገር» አልኩት።
ዝም አለ። የሚያልፈውን ባጃጅ ዓይኑ ተከተለው፣ እስከ መንገዱ ማብቂያ።
«ሀገር ትከብዳለች» አለ ቆይቶ። «በደንብ ይድረቅ ግንዱ።»

ከጓሮው ጥላ ሥር ዋንዛ ተጋድሟል፣ ሁለት ክረምት ያሳለፈ።
በሩ ላይ ደግሞ አንዲት በርጩማ አለች፣ እግሯ የተሰነጠቀ፣
በልጅነቱ ቸኩሎ የጠረባት፤
ደንበኛ ሲያጣድፈው
ወደሷ ያሳየዋል፣ በአገጩ ብቻ፣ እየነቀነቀ።

ዛሬ ከሰዓት ኢንጂነር ጥላዬ መጣ፤ አጠገቤ ቆመ።
ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሳይተኛ የከረመ።
«ረምላ፣ ሁለት ማይክሮን ምንድን ናት? የፀጉር ስንጥቅ እንኳ አትሆንም።
አሥራ ሁለት ተብሏል። እኔም ስጠየቅ መልስ የለኝም።»
ስለቷን አነሣሁ። አንኳኳሁ። እሱም እንዲሰማ ሰጠሁት።
ያን ጊዜ ከማዶ፣ ከመሞከሪያው ቤት፣ ሞተር ተነሣ፤
መስተዋቱ ራደ፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ቆዳው ተሸበሸበ፣
የባሕር ዛፉ ወፍ ሁሉ ግር ብሎ በረረ፤
ጥላዬ ስለቷን ጆሮው ሥር እንደያዛት ቀረ።
እስኪጠፋ ጠበቅን።
ከዚያ በዝምታው ውስጥ ደግሞ አንኳኳት፣ አንዴ፣
ሰማ።
ቀዩ ሣጥን ውስጥ የጣላት እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም።

ማታ ዝናቡ አባርቷል። ሰርቪሱ ወደ መንቲና ሊወርድ ጥሩምባ ይነፋል።
ስወጣ ሰሌዳውን አየሁት፤ አሥራ ሁለት ይላል አሁንም።
በጣቴ ነካሁት።
ቀለሙ ደርቋል።