ግፊት

ባሌ ጠላቂ ነው፤ ከባሕሩ ወለል ዛጎል ይለቅማል፣
እኔ ጀልባው ላይ ነኝ፤ ገመዱ በእጄ ነው፤ ገመድ ይናገራል።
አንዴ ከተጎተተ «ደኅና ነኝ» ማለት ነው፤
ሁለት ጊዜ ከሆነ «አውጪኝ» ነው፣ «ቶሎ» ነው።
ሃያ ሁለት ዓመት በኬዮን ወደብ ላይ፣ በዝናብ በጉሙ፣
ሁለት ቃል በቅቶን ኖረ፤ ጠፍቶን አያውቅም ትርጉሙ።

ራስ ምታቱ በሰኔ መጣ፣ እዚህ ብርዱ ሲበረታ፤
ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ከትራሱ ቀስቅሶ የሚያስቀምጥ በሽታ፣
ሲጋደም የሚብስ፣ ሲቆም ትንሽ የሚፈታ።
«የጥልቁ ግፊት ነው» አለ፣ «ግንባር ይሰነጥቃል፤
ሃያ ሜትር ሲወርዱ ያለ ነው፤ ኋላ ይለቃል።»
ዶሚቲላ ጎረቤታችን ድንች በስሱ ቆርጣ
በጆሮ ግንዱ ለጠፈች፣ እየጸለየች ተቀምጣ።
ድንቹ ጠወለገ።
ሕመሙ አልጠወለገም።

እሑድም መጣበት፣ ውሃ ባልነካበት ቀን፤
ማዕበል ሳምንት ሙሉ ወደብ ባሰረን ጊዜም አልተወን።
የጫማውን ክር ሊያስር ሲያጎነብስ፣ ሲያስለው፣
ሳያቅለሸልሸው፣ ድንገት፣ ወደ ላይ ሲለው፣
አፉን ጠርጎ ይስቃል፦ «በደረቅ መሬት ላይ ባሕር አዞረኝ!»
እኔም እስቅ ነበር፤ ሹካው ዓሣውን ስቶ
ጠረጴዛውን ሲወጋ እስካይ፣ ደግሞ፣ ደጋግሞ፣ በርትቶ።

ፖርቶ ሞንት፦ በመርከብ፣ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በወረፋ።
ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ምስሉን በጣቷ አሰፋች፣
ከቀኝ ዓይኑ በስተኋላ አንድ ነጭ ነገር ላይ ቆመች፦
አፉን የገጠመ ዛጎል።
«ዕጢ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ራስ ቅል አጥንት ነው፤ አይሰፋም።
እሱ ባደገ ቁጥር ግፊቱ መሄጃ የለውም።»
ኤሌውቴሪዮ፣ «ግፊት» የሚለውን ሲሰማ፣ ቀና አለ፤
የሚያውቁትን ሰው ስም እንደ መስማት።
«ስንት ሜትር ነው?» አለ።
እሷ በሴንቲሜትር መለሰች።

«ምንህን ነው?» ስለው «ራሴን» ይለኝ ነበር ያኔ፤
ራሱን መሆኑን፣ እሱኑ መሆኑን፣ መች ሰማሁት እኔ።

ያን ሌሊት አልጋው ጥግ፣ ወንበር ላይ፣ እጁ በእጄ።
ለካ ሰው ወደ ራሱም ይሰጥማል፣ የአየር ቱቦ በማይደርስበት።
አሥር ሰዓት ሲል ጣቴን ሳብ አደረገ።
አንዴ።
ትንፋሼን ይዤ ሁለተኛውን ጠበቅሁ።
ጨው ያቆረፈደው መዳፉ ዝም አለ፤
እንቅልፍ ይሁን መልስ አላወቅሁም፤
ገመዱን ግን አለቀቅሁም።