መላሽ ቁጥር ሰባት

ቀን ከመስታወት ኋላ፣ ሻርጃ፣ ከሐዋላው ቤት፣
ድርሃም እቆጥራለሁ እስኪዝል የእጄ ጣት።
«ላኪ?» እላለሁ። ስሟን ትነግረኛለች።
«ተቀባይ?» እላለሁ። እናቷን ትጠራለች።

ማታ ደግሞ ከክፍል ያው ቃል ይጠብቀኛል፤
ላኪ፣ መልእክት፣ መስመር፣ ተቀባይ ይባላል፤
በመሀል ቀስት አለ፤ ከቀስቱ በላይ
«ሁካታ» የሚል ሣጥን፣ ከየት እንደመጣ የማይታይ።

ዐሥራ አንድ ሴቶች ናቸው፣ የጥናቴ ናሙና፤
ለእናት የሚላክ ድምፅ፣ ሁሉም «እኔ ደኅና»።
«ደኅና ነኝ»፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ፤
እኔ በሠንጠረዥ፣ እነሱ በትካዜ።
አንዷ ከኩሽና፣ አንዷ ከደረጃ ሥር፣
አንዷ ከመታጠቢያው፣ ውኃ ከፍታ በምስጢር።

መላሽ ቁጥር ሰባት፣ ስሟን የማልጽፈው፣
ልብስ ማጠቢያው ሲዞር ነው ድምፅ የምትቀዳው።
«እማ፣ ደኅና…» ትልና፣ አራት ሰከንድ ዝም፤
«…ነኝ» ትላለች ከዚያ። ሌላ ነገር የለም።
ከበሩ ጀርባ ማዳም፣ በማሽኑ እየተዋጠች፣
ስሟ ባልሆነ ስም ልጅቱን ትጣራለች።
ስሟ ባልሆነ ስም እኔም ደገምኩባት፤
ከሠንጠረዡ ማዕዘን «ዝ አራት» አልኳት።

መጀመሪያ ቀን የፈቃድ ቅጹን በስልክ ሳነብላት፣
«ባሻዎት ሰዓት፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ማቋረጥ ይችላሉ»
የሚለው ላይ ስደርስ
ሣቀች።
«አንቱ የምትዪው እኔን ነው?»
ቅጹ ነው አልኳት።
«እስኪ ድገሚልኝ። ማቋረጥ የሚለውን።»
ደገምኩላት።
«ማንንም ሳላስፈቅድ?»
ማንንም።
«ፓስፖርቴንስ?»
እሱ ከጥናቱ ውጭ ነው አልኳት።
እንዲህ ነው ያልኳት፤ ቃል በቃል፤ የተቀዳ አለኝ።

ረመዳን ሲጋመስ ድምፅዋ ቀረ።
የላክሁላት ሁሉ አንድ ግራጫ ጭረት ይዞ አደረ።
ምናልባት አቋርጣ ይሆናል፣ ባሻት ሰዓት፣ ያለ ምክንያት።
መብቷ ነው።
ሌሊት ሌሊት ይኼን ለራሴ አነብላታለሁ።

ዶክተር ሱሀይር፣ አማካሪዬ፣ ደግ ሴት ናት፤
«ሰባትን አውጪያት» አለች፣ መነጽሯን አውልቃ፣
«‹ውስንነቶች› ከሚለው ሥር አንድ መስመር ስጫት።»
ሰጠኋት። አንድ መስመር።
መላሽ አልኳት እንጂ፣ በቁጥር፣ በወረቀት፣
ማን አለ የሚመልስ፣ እሷን ወደ እናት ቤት?

መቶ ዐሥራ ስምንት ገጽ። ፈታኞቹ ሦስት።
አንደኛው ሻዩን እያማሰለ ጠየቀኝ፦
«ዝምታው መልእክት ነው ካልሽ፣ ላኪዋ ሳታስበው?»
ተቀባይዋ ትሰማዋለች አልኩት።
«ማስረጃ?»
ምዕራፍ አራትን ገለጥኩ።
በጥቃቅን እርማት አለፍኩ።

ማላያሊው ኮፒ ቤት በጥቁር ጠረዘልኝ፤
«ማብሩክ፣ ሲስተር» ብሎ አምስት ድርሃም ማረኝ።
የወርቁ ቀለም ገና ጣት ላይ ይቀራል።
አራት ገጽ ምስጋና አለው፤ ሰው ሁሉ ስሙ ተጽፏል፤
ዲኑ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ፈረቃ የለወጠችልኝ ኔፓላዊት፣
ኤሲውን የጠገነልን ሰው ሳይቀር።
እሷ ብቻ የለችም። ምስጢር ልጠብቅላት ፈርሜያለሁና።
ያለ እሷ ግን ጥራዙ አፍ እንጂ ጆሮ የለውም፤
ብዙ ደኅና፣ ብዙ ደኅና።

ሐሙስ ማታ ደወልኩ፣ መርሳ፣ እናቴ ዘንድ።
«አለቀ?»
አለቀ።
«ምን ነበር እሱ ትምህርት?»
ሰው ከሰው ሲነጋገር፣ እማ፣ መሀል ላይ የሚጠፋው ነገር።
«ይኼን ለማወቅ ነው ሁለት ዓመት ተኩል?»
ሣቀች። ሣቅኩ።
ስምንተኛ ፎቅ ነኝ፤ ከታች መኪናው ክላክስ ይላል፤
አብረውኝ ከሚኖሩት አራቱ ሁለቱ ተኝተዋል፤
ጥራዙ ትራሴ ላይ ነው።
«ደኅና ነሽ ግን?»
ደኅና…

አንድ።
ሁለት።
ሦስት።

«ምን ሆነሻል?» አለች እናቴ፣
አራት ሳይሞላ።