ከአንጓው በላይ

ሂርማታ በረንዳ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣
ጣቃ ስከፍል ኖርኩ፣ ስቆርጥ ያለ ስጋት፤
የሙሽራ ሐር ጨርቅ፣ የሰው አደራ ሳይቀር፣
በጠመኔ አስምሬ፣ ቀድጄ ሳልማከር።
ዛሬ ግን ቆጪ ላይ፣ በኪራይ ክፍሌ ውስጥ፣
አንዲት ሚጥሚጣ ፊት፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ!

የዘራት ነጂብ ነው፣ አምና በክረምቱ፣
ወፍጮ ከሚሄደው ሰርቆ ከእናቱ፤
አንድ ፍሬ ጥሎ በዘይት ጣሳ አፈር፣
«ትበቅላለች» እያለ ሲፎክርብኝ ነበር።
አሁን ባጃጅ ይዞ፣ ከአጅፕ እስከ ሰጦ፣
ማታ ይመጣና ሁለት ዳቦ ውጦ
ይተኛል፤ አያያትም፣ ጣሳው ዳር ተቀምጦ።

ረዘመች፣ ቀጠነች። የጂማ ሰማይ ዳመና፣
የሚገባው ብርሃን ከሻሽ የሳሳ ነውና፣
ወደ መስኮት ሄደች አንገቷን አስግጋ፤
አምፖልም ገዛሁላት፤ መብራት ጠፍቶ ነጋ።
ግድግዳው ላይ ቁመቷን በጠመኔ እያሰመርኩ፣
በየጁምዓው ማታ፣ በሜትሬ ለክቼ ጻፍኩ።
አበባ ግን የላት። ቁመት ብቻ፣ ቁመት፣
በር በተከፈተ ቁጥር የሚያዘነብላት።

ጎረቤቴ አባ ጨብሳ፣ የችግኝ ጣቢያ ጡረተኛ
(በኦሮምኛ «ሰባሪ» ነው፣ የስሙ ፍቺ ለኛ)
ጫማውን በር ላይ ትቶ፣ ጎንበስ ብሎ አያትና፣
«ራሷን ቁረጪው» አለኝ፣ ሰላምታ ሳይጨርስ ገና።

«ምኗን?»

«ጫፏን ነዋ! አንድ ጫፍ ያላት አንድ ሐሳብ ነው ያላት፤
ሽቅብ ብቻ ነው የምታውቅ፣ ጎን እንዳላት ማን ነገራት?
ከላይ ስትቆርጫት፣ የታች ዓይኖቿ ይነቃሉ፤
ሁለት ሆነው ይወጣሉ።»

«ብትሞትስ?»

«ተጠምታ ከሆነ፣ አዎ። ዛሬ አጠጪና እደሪ፤
የጨርቅ ክር የያዘ መቀስ፣ በአልኮል ሳትጠርጊ አትድፈሪ።
ከአንጓው በላይ፣ ጣት ሳይሞላ፣ ሰያፍ አድርገሽ ቁረጪ፤
ከሲሶ በላይ አትውሰጂ፣ ትልልቁን ቅጠል አትንጪ፤
እሱ ነው የሚያበላት። ቢጫውን፣ የጠወለገውን፣
ጥላ ሥር ተደብቆ፣ ሳይሠራ የሚበላውን፣
እሱን አንሺ። ሌላውን ተዪ።»

ነጂብ ትዝ አለኝ።
«ሰውስ?» አልኩት፣ «ሽቅብ ብቻ የሚሮጥ ልጅ?»
አባ ጨብሳ ሳቀ። «እኔ ችግኝ ነው የማውቅ፣ ሉባባ።
ልጅ፣ ልጅ።»

መቀሱን ሰጠሁት። አልተቀበለኝም።
«ስሜ ሰባሪ ነው» አለ፣ «የሰው ግን አልሰብርም።»

ሦስት ቀን አመነታሁ። ግድግዳው ላይ ያለው መስመር
ዓመት ነው፤ በአንድ መቀስ፣ ስንት ጁምዓ ሊሰበር!
አራተኛው ቀን፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ከአዌይቱ ማዶ
ፀሐይ በመስኮቴ ገባ፣ ጭጋጉን እንደ አቡጀዴ ቀዶ።

ቆረጥኩ።

ድምፅ አልነበረውም። ክር እንኳ ሲበጠስ ይሰማል።
መዳፌ ላይ የወደቀው ጫፍ፣ ከላባ ይቀላል።
አልጣልኩትም። ቁራጭ መጣል ሙያዬ አላስተማረኝም፤
በሻይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቆምኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አሥር ቀን ምንም። ከዚያ አንድ ዓይን ነቃ፣ የቀኙ፤
ከስፌት መርፌ ጫፍ የማይበልጥ፣ አረንጓዴ ነው መልኩ።
የግራው ተኝቷል። ሁለት ተብዬ ነበር።
አባ ጨብሳ በአጥር በኩል «ታገሺ» ከማለት በቀር
መልስ የለውም።

ትናንት ሌሊት ነጂብ ገባ። መብራት የለም፤ በስልኩ ባትሪ
ዳቦውን ሲፈልግ፣ ጣሳው ላይ ቆመ ብርሃኑ።
«ማነው ራሷን የቆረጣት?»
«እኔ ነኝ» አልኩት፣ ከአልጋዬ ሳልነሳ።
ዝም አለ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጫፍ
የግራውን ዓይን ዳሰሰ።
«እዚህም ጋ አንድ አለች፣ እማ። እብጥ ብላለች።»

ጠመኔዬን ፈልጎ፣ ከድሮው መስመር ስንዝር ዝቅ፣
አንዲት አሰመረና ተኛ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ።