ያለ ሰማያዊ

ሰማያዊው ቱቦ ደርቆ ጠጠር ሆነ፤
አረንጓዴው ደግሞ ክዳኑን ነክሶ ይዞ እኔን አስለመነ።
ሱቅ ብወርድ፣ ዋጋው
ከጤፍ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሊለካካ ቃጣው።
ተመለስሁ ዝም ብዬ።

ጣሳዬን አንግቤ፣ ፌስታል ጠቅልዬ
ከአዘዞ መንገድ ዳር፣ ግሬደር ከላጠው፣ ቀዩን አፈር ዛቅሁ፤
ወለቃ ወርጄም፣ ከሸክላ ሠሪዋ ከወይዘሮ ዳሳሽ ቢጫውን ለመንሁ።
“ለምንህ ነው?” አለች። “ለኮረብታ” አልኋት።
ሳቀች፦ “ኮረብታውን ከኮረብታው ወስደህ?” መልስ አጣሁላት።
ከሰል ከምድጃ፣ ኖራ ከግንበኛ፤
አራት ጣሳ ሞላ፤ አልፈለግሁም አምስተኛ።

ጎሃ ላይ ወጣሁና ቁልቁል ተመለከትሁ።
ከተማው ብዙ ነው፤ ቀነስሁ፣ ደግሞ ቀነስሁ፦
የመብራቱን ምሰሶ፣ የቴሌውን ማማ፣
የቆርቆሮውን ጣራ፣ የውሃውን ሮቶ፣ የባጃጁን ዜማ።
ዓይኔን ጠበብ ሳደርግ አንድ በአንድ ጠፉ፤
ሦስት እጥፋት መሬት፣ አንድ የወንዝ ጠባሳ ብቻቸውን ተረፉ።
አንገረብን በከሰል፣
ውሃ እንደሌለበት፣ ጥር ላይ እንደሚመስል።

ሰማዩስ? ከሰሉን ቅንጣት ታህል ወስጄ በኖራ በጠበጥሁ፤
ከቀዩ ጎን ሲያርፍ ግራጫው ሰማያዊ ሆነ፤ እኔው ደነገጥሁ።
ዓይን እንዲህ ነው ለካ፤ የራበው እንደሆን
ከጎረቤት ቀለም ይበደራል ያጣውን።

አዛናው ደረሰ፣ ባጃጁን አቁሞ፣
በትከሻዬ በኩል አየ ቆሞ ቆሞ።
“ግንቡሳ?” አለኝ። “ጎንደር ያለ ግንብ?
ሰው ሌላ አገር ነው ይላል፤ እንግዲህ አስብ!”
“ከቀዩ ውስጥ አለ፤ ሲመሽ ማን ይለያል ግንብን ከተራራ?”
አልተዋጠለትም፤ ቁልፉን እያሽከረከረ ዓይኑን አዞረው ከቀኝ ወደ ግራ፣
ጣቱን ቀሰረና፦
“ይቺስ ነጯ ነጥብ፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው፣ ምንድን ናት ደግሞ ይቺ?”
“ድንጋይ ናት” አልሁት።

ድንጋይ አልነበረችም።
ለእህቴ ሠርግ ሰሞን እኔና እንየው በአንድ ባልዲ ኖራ የቀባነው በር፣
እሱ ወንበር ላይ ቆሞ ከላይ እያንጠባጠበ፣ እኔ ከታች ስሳደብ የነበር።
በሩም ቤቱም የለም፤ ማዶው ዛሬ መንገድ፣ እንየውም አፈር።
ሁሉን የቀነሰ፣ ለግንብ ያልራራ እጄ
እሷን አልቀንስም አለኝ፤ እኔም ተውሁት ፈቅጄ።

አዛናው ሄደ። ብሩሼን አጠብሁና እድፉን ውሃ መሬት ላይ ደፋሁት፤
መሬቷ ጠጣችው፤ የቱ ጋ እንደነበር፣ ዘወር ብዬ ባይ፣ ለይቼ አላወቅሁት።