ኤግዚቢት ቁጥር ሰባት

ዘጠኝ ነን በቁጥር፣ ማኅተም የሌለን ማኅበርተኞች፣
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከታቦር ግርጌ፣ ዳጣ ቀማሾች።
ሊቀመንበራችን ዱካሞ ነው፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣
ቃሪያን የሚመዝን በኪሎ ሳይሆን በላብ ጠብታ ቁጥር።
ባጃጅ ነጂው ባራሳ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ጸሐፊዋ እኔ፤
(በሚጥሚጣ እጁ ዐይኑን አሽቶ አጥሬን የናደው ባለፈው ሰኔ)።

ያን ቀን የታመሰው የወይዘሮ ዳሎቴ የጓሮ ጉድ ነው፣
ከትንሿ ጣቴ የማይረዝም፣ ሽታው ብቻውን ድመት የሚያስነጥሰው።
ነጭ ሽንኩርት ገባ፣ ዝንጅብል ገባ፣ ጤናዳም ገባ፤
ጭሱም በነፋስ፣ ሐይቁን ተንተርሶ፣ ቀበሌው ገባ።

እዚያ ስብሰባ ነበር፤ አጀንዳው ጽዳትና ውበት፤
አንዱ አነጠሰ፣ አንዷ ተከተለች፣ ሰብሳቢው አለቀሱ በድንገት።
ቃለ ጉባኤውን አይቼዋለሁ፤ ፊርማው፣ ማኅተሙም አለ፦
«ዕቅዱን ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ፣ በእንባ ተቀበለ።»

ወዲያው ሦስት ደንብ አስከባሪዎች አጥራችን ላይ ከች፤
«አየር የሚበክል ማነው?» አለች አንዷ፣ እያስነጠሰች።
«አየር ሳይሆን አፍ ነው የምንበክል» አላት ዱካሞ፣
እንደ ተማሪ ጣቱን አንሥቶ፣ ከሙቀጫው ኋላ ቆሞ።
ደንቡ ተነበበ፤ አንቀጽ አሥራ ሦስት፣ ንዑስ አንቀጽ ሁለት፤
ጭስ አለ፣ ጩኸት አለ፣ በርበሬ የሚል ቃል የለበት።
ደንቡ ዝም ቢል ሙቀጫ ተያዘ፣ ዘነዘና ተያዘ፣
ሦስት ሊትር ዳጣ በጄሪካን ሆኖ፣ ታጅቦ ተጓዘ።
«ኤግዚቢት ቁጥር ሰባት» የሚል ወረቀት ተለጠፈለት፤
(ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት ፍየሎች ናቸው፣ የአደባባዩን አበባ የበሉ ለት)።

ሰኞ ልጠይቀው ሄድኩ፣ እንደ እስረኛ ዘመድ፤ ጄሪካኑ ጎድሏል።
«ፀሐይ ነው» አለኝ ንብረት ክፍሉ፣ «ዳጣም እኮ ይተናል።»
ረቡዕ ከወገብ በታች ወርዷል፤ «አይጥ ነው» አለኝ፣ ከንፈሩ ቀልቶ፣
የዓሣ አጥንት በጋዜጣ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ረስቶ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሰብሳቢው «ማስረጃው ይቅረብ» አሉ፤
ቀረበ፤ ወገቡ በቢላ ተሰንጥቆ፣ በዳቦ ተጠርጎ ሁሉ።
ጸጥታ። ያቺ አስነጣሿ ጣሪያ ታያለች፣ ሌላው ጫማውን፤
ዱካሞ ብቻ፣ ልማዱ ነውና፣ ቆጠረ የቀላ ከንፈሩን፦
«አንድ… ሦስት… አምስት…» ብሎ ብሎ፣ ድንገት ዝም አለ፤
ስድስተኛው የሰብሳቢው ነበር፤ በመሐረብ ተከለለ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፣ ለሦስት ቢሮ ግልባጭ ያለው፦
«የተያዘው ናሙና ለምርመራ በቂ ሆኖ ስላላገኘነው፣
አምስት ሊትር ይቅረብ፤ ጨው ይቀነስ፤ ጤናዳም ይጨመር።»
ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ፦ «ዓሣውን እኛ እንችላለን። ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የሚጀመር?»

መልስ አልጻፍኩም ገና፤ ሙቀጫው ከነዘነዘናው አልተፈታም፤
ማታ ማታ ግን ከቀበሌው ግቢ «ዱቅ… ዱቅ» ይላል፤ ዘበኛውም አልተኛም።